የበግ ጠጉርና የሽንኩርት ልጣጭ

ወለንጪቲ ከአዳማ በስተ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ የጤፍና የቦሎቄ፣ የግራርና የአቧራ አገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,400 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ብርድ እምብዛም አይጎበኘንም፤ ጋቢም ብንደርብ ለማለዳ ጸሎትና ለክረምት ማታ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቆላ የበግ ጠጉር መፍተልና ቀለም መንከር የቤታችን ጨዋታ ሆነ ብንል፣ አንባቢ ቢስቅብን አንቀየምም፤ እኛም በመጀመሪያ ስቀናል። የቆላው በግ እንደ ፍየል አጭር ጠጉር ያለበሰው ነውና ለእንዝርት የሚሆን ነገር ከእርሱ አይገኝም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት፣ የባለቤታችን እናት ከመንዝ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ነው። ከቅቤውና ከበሶው ጋር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የበግ ጠጉርና እንዝርታቸውን ይዘው ነበር። መንዝ የበርኖስና የባና አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚያ ደጋ ጠጉሩ ከበጉ ተሸልቶ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ውርጭ የማይበሳው ልብስ ይሆናል። እኒህ እናት ዓይናቸው ለመርፌ ቢደክምም እጃቸው ያለ እንዝርት መዋል አልለመደም። ቡናው እስኪፈላ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያሾሩ ይውላሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና አንድ ቀን፦

«እማማ፣ ለምን ሁሉም ነጭና ጥቁር ብቻ ይሆናል? ቢጫ በግ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እሱንስ እግዜር ለበግ አልሰጠም፤ ለአንቺ ግን እጅ ሰጥቶሻል» አሏት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘንም። ልጅቱ ቀለም ፈለገች።

ወደ ቀለሙ ከመሄዳችን በፊት ስለ ፈትል ጥቂት እንበል፤ በብዙ የከተማ ቤት እንዝርት ከቆጥ ላይ ከተሰቀለ ወይም ጭራሹን ከጠፋ ቆይቷልና። የአያቶቻችን ዋና ፈትል የጥጥ ነበር። ጥጡ በመዳመጫው ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ተነድፎ እንደ ደመና ይበተናል፤ ተባዝቶ ብዝት ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ተፈትሎ በልቃቂት ይጠቀለላል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነበር። ድሀዪቱም ወይዘሮዪቱም እኩል ትፈትል ነበር፤ ይልቁንም ቀጭንና ወጥ አድርጎ መፍተል የጨዋ ልጅ ሙያ ሆኖ ይመሰገን ነበር። በኦሪት ዘፀአት ልባቸው ጥበበኛ የሆነ ሴቶች ለደብተራ ኦሪት ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ቀዩንም ግምጃ፣ የፍየሉንም ጠጉር እንደ ፈተሉ ተጽፏል። እመቤታችንም በቤተ መቅደስ ሳለች ሐርና ወርቅ ትፈትል እንደ ነበር አባቶች አስተምረውናል፤ ሠዓልያኖቻችን ብሥራቱን ሲሥሉ እንዝርቱን በእጇ የሚያስይዟት ስለዚህ ነው። የባለቤታችን እናት ይህን ሥዕል ጠንቅቀው ያውቁታል። በእሑድና በበዓል ቀን ግን እንዝርታቸውን ከግድግዳው ላይ አያወርዱም፤ ልጅቱ ብትለምናቸውም አይሰሙም።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ።

«ቀለም» የሚለው ቃል ለእኛ ለቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ሌላ ትዝታ አለው። በልጅነታችን የጽሕፈት ቀለም ራሳችን እናዘጋጅ ነበር፤ ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቀን፣ የተቈላ እህል ጨምረን፣ ውኃ እየጠጣ ብዙ ወራት ሲቦካ እንጠብቀው ነበር። በዚህ ልምዳችን ተመክተን የበጉን ጠጉር ቀለም መንከር ቀላል ይሆንልናል ብለን ገመትን። ግምታችን ስሕተት ነበር። የጽሕፈት ቀለም በብራናው ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ የልብስ ቀለም ግን በክሩ ውስጥ ገብቶ፣ ታጥቦና ፀሐይ መትቶት እንዳይለቅ ሆኖ መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ሙከራችን በእርድ ነበር። እርዱን በውኃ አፍልተን ሁለት ልቃቂት ብንነክርበት ክሩ እንደ መስቀል ወፍ ደምቆ ወጣ። ልጅቱ ጮቤ ረገጠች። በመስኮቱ ላይ ሰቀለችው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፀሐይ ያየው ወገኑ እንደ አሮጌ ወረቀት ገርጥቶ ተገኘ። እርድ ወዲያው ቢያስደስትም ፀሐይ አይችልም።

በሁለተኛው ሙከራ ያጠፋነው እኛ ራሳችን ነን። ትምህርት ቤት ቆይተን ስንመለስ ድስቱ በእሳት ላይ ሆኖ ለዘብ ባለ ሙቀት ሲሠራ አገኘነው፤ ሥራው እንዲፋጠን ብለን ከሰሉን ጨመርን፣ እንደ ገንፎም በማማሰያ አማሰልነው። ከዚያ ትኩሱን አውጥተን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨመርነው። የበግ ጠጉር ደግሞ ኃይለኛ ፍላት፣ መታሸትና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ከተገናኙበት እርስ በርሱ ተያይዞ ይጋገራል። ክሩ እንደ ጡጫ ተጠቅልሎ ጠጠረ። የባለቤታችን እናት አንሥተው አገላብጠው አዩትና፦

«ልጄ፣ ይኸማ ሳይሸመን በርኖስ ሆነ!» አሉን። ቤቱ በሙሉ ሳቀብን።

በመጨረሻ የተሳካልን በሽንኩርት ልጣጭ ነው። በአዋሽ ዳር በመስኖ የሚመረተው ቀይ ሽንኩርት በአገራችን ገበያ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ ደረቁ ልጣጭ በየጉልቱ ሥር ተዘርግፎ ነፋስ ያንከባልለዋል። ልጅቱ ዘንቢል ይዛ ስትለቅም የጉልት ነጋዴዎቹ እናቶች መጀመሪያ «ይቺ የመምህር ልጅ ምን ነካት?» ተባባሉ፤ በማግሥቱ ግን ራሳቸው አጠራቅመው በፌስታል አስቀመጡላት። ሥራው እንዲህ ነው።

ጠጉሩ አስቀድሞ በለብታ ውኃ በቀስታ ታጥቦ ተፈጥሯዊው ቅባቱ መውጣት አለበት፤ ቅባት ያለበት ጠጉር ቀለም አይጠጣም። ሳሙና ይበቃል፤ የባለቤታችን እናት ግን ከእንዶድ በቀር ሌላ አላመኑም። (እንዶድ የእናቶቻችን የሸማ ማጠቢያ መሆኑ ብቻ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ከልብስ አጣቢ ሴቶች አጠገብ ቆሞ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለተማሪዎቻችን ስንናገር ይህን ሳናነሣ አናልፍም።)

ከዚያ በኋላ አሉም የሚባለው ነጭ ጨው ያስፈልጋል። ለመቶ ግራም ደረቅ ጠጉር ከ10 እስከ 15 ግራም አሉም በሙቅ ውኃ ተሟሙቶ፣ ጠጉሩ በዚያ ውስጥ እንፋሎት እያወጣ ነገር ግን ሳይንተከተክ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። የነገሩ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የበግ ጠጉር እንደ ሰው ጠጉርና እንደ ጥፍር ያለ የእንስሳ አካል ስለ ሆነ አሉሙን ይቀበላል፤ አሉሙ ደግሞ በአንድ እጁ ክሩን፣ በሌላው እጁ ቀለሙን እንደሚይዝ ሽማግሌ ሆኖ ሁለቱን ያስማማል። በሌላ ድስት ከጠጉሩ ክብደት የማያንስ ልጣጭ አንድ ሰዓት ያህል ይፈላና ይጠለላል፤ ጠጉሩም በዚያ ውኃ ውስጥ እንደ ገና በለዘብታ ሙቀት አንድ ሰዓት ይቆይና በዚያው ውኃ ውስጥ ሆኖ ይቀዘቅዛል። በኋላም በጥላ ይሰጣል። በእኛ ቤት የወጣው ቀለም ወርቃማና ብርቱካን መሰል ነበር። ሌላውን ልቃቂት ዝገት የያዘ ምስማር በተጨመረበት ውኃ ብንነክረው እንደ ወይራ ቅጠል ጠቈረ። ለቤት እመቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ ለቀለም የዋለ ድስት ወደ ወጥ አይመለስም። ባለቤታችን ከሁለት ድስቶቿ የተለያየችው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስካሁንም ታነሣብናለች።

ሰው ከጥንት ጀምሮ ለቀለም ብዙ ደክሟል። በመጽሐፍ የምናነበው ሐምራዊ በጢሮስ ባሕር ዳር ከቀንድ አውጣ ይወጣ ነበር፤ ውድ ከመሆኑ የተነሣ የነገሥታት ልብስ ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ የለወጠው ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. የወባ መድኃኒት ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ዛሬ በገበያ የምንገዛው የጥልፍና የጥለት ክር ቀለም ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ የተገኘው ዘር ነው። እኛ የፋብሪካውን ክር አንነቅፍም፤ ርካሽና ጽኑ ነው። ነገር ግን ልጅ ቀለም ከየት እንደሚመጣ በገዛ እጇ ስትደርስበት ሌላ ነገር ይሆናል።

ወርቃማው ክር ሲደርቅ ልጅቱ ለነጠላዋ ጥለት ይሁንልኝ አለች። እኛም ልቃቂቶቹን ይዘን፣ ከገበያው በስተ ጀርባ ወደሚገኙት ከጋሞ ደጋ የመጡ አረጋዊ ሸማኔ ቤት አብረን ሄድን። በጋሞ አገር፣ በዶርዜም ሽመና ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የወንዶች ክብር ያለው ሥራ ነው፤ የአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳም በእነርሱ እጅ የታወቀች ናት።

በሩን ስናልፍ በሸማው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ያገኘነው ሽማግሌው ሳይሆን የራሳችን ተማሪ ነበር። ልጁ ባየን ጊዜ መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ። ባለፈው ዓመት መስከረም መዝገብ ስናዘጋጅ የየተማሪውን አባት ሥራ ጠይቀን ነበር፤ ይህ ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ነጋዴ» ብሎን እንደ ነበር ወዲያው ትዝ አለን። እኛም ይህኑ ጽፈን አልፈናል። አሁን እርሱም እኛም ዝም አልን፤ ያዳነን የሽማግሌው ድምፅ ነው።

አባባ ልቃቂቱን ተቀብለው በጣታቸው ጎተቱት፣ አሸተቱት፣ ወደ ብርሃን አነሡት። «ቀለሙ ያማረ ነው፤ ፈትሉም የባለሙያ ነው። ግን መምህር፣ ይኽን በጥጥ ላይ አልሸምንልዎትም» አሉን።

«ስለ ምን አባባ?»

«ድሩም ማጉም ጥጥ ነው፤ ጥለቱ ጠጉር ቢሆን በታጠበ ቁጥር ጠጉሩ ይኮማተራል፣ ጥጡ አይኮማተርም። የልጅቱ ነጠላ ጠርዙ ተሸብሽቦ እንደ ጥብስ ቆዳ ይሆናል። ሰው ሲያየው ሸማኔው አላወቀም ይላል እንጂ መምህሩ አላወቀም አይልም።»

በኦሪት ሕግ ከበግ ጠጉርና ከተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ እንዳይለበስ መታዘዙን ስንማር ቃሉን አጥንተናል፤ ክር ከክር ጋር ጠባዩ የማይስማማ መሆኑን ግን ያን ቀን ከሸማኔ ቤት ተማርን። አባባ መንገድም አሳዩን፦ «ቀለሙን ለጥጥ ካበጃችሁልኝ ጥለቱን እኔ አሳምረዋለሁ፤ ይኸኛውን ለጥልፍ አድርጉት።»

ወደ ቤት ስንመለስ የልጁ ፊት ከዓይናችን አልጠፋ አለ። አንድ ነገር እናምናለን። በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን የሸማኔና የአንጥረኛ ልጆችን ከሚሰድቡት መካከል ነበርን፤ የሰደብናቸውም ነጠላቸውን ለብሰን ነው። ነገሩን ልብ ብሎ ለሚያየው ሰው ያስደንቃል። ጥጡን የፈተለችው እጅ ባለሙያ ተብላ ስትመሰገን፣ ያንኑ ፈትል ልብስ ያደረገው እጅ እንዴት ይናቃል? ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ሌላውንም የእጅ ባለሙያ የሚሰድብ ሰው እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር አሳውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። አዋጁም ስብከቱም ከተነገረ ብዙ ዘመን ሆኖት፣ በእኛው ክፍል የተቀመጠ ልጅ ግን የአባቱን ሙያ ደብቆ «ነጋዴ» ይላል። ከማን ተማረው? ጥያቄው ወደ እኛ ወደ መምህራኑም፣ በየቤቱ ልጆች እየሰሙ ወደምንጫወተው ጨዋታም ይመለሳል።

የአባባን ምክር ተቀብለን ከአዳማ አቡጀዲ ገዛን፤ ልጅቱም በክብ እንጨት ወጥራ የትራስ ልብስ መጥለፍ ጀመረች። በእኛ ወጣትነት በየቤቱ የነበረውን ዳንቴልና ጥልፍ የማያስታውስ ማን ነው? በኪሮሽ የተሠራው የጠረጴዛ ልብስ፣ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚል የተጠለፈበት የግድግዳ ጨርቅ የቤቱ ሴት ልጅ ምስክር ወረቀት ነበር። ልጃችን በአራት ማዕዘኑ በሰንሰለት ስፌት መስቀል እየጠለፈች ነው። ወርቃማው ለመስቀሉ፣ የዛገው ምስማር ያጠቆረው ለሐረጉ ሆኗል። የመጀመሪያው መስቀል አንድ ክንዱ ከሌላው ረዝሟል፤ ፍቺው አልናት፣ አልፈታም አለች።

የጥልፍን ነገር ስናነሣ አንድ ልብስ ይታወሰናል። በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚገኝ፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደ ነበረ የሚታመን፣ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከአገር ወጥቶ፣ የዘመቻው 150ኛ ዓመት በታሰበበት በ2010 ዓ.ም. ከዘውዱና ከጽዋው ጋር ለሕዝብ ታይቷል። እቴጌይቱ ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ቀሚሱን የፈተሉት፣ የሸመኑትና የጠለፉት እጆች ስማቸው አልተጻፈም። በመስተዋት ውስጥ ሆኖ የዓለም ሰው የሚያደንቀው ግን የእነርሱን ሥራ ነው።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ስለ ክርና ስለ ልብስ ባስተማርንበት ቀን፣ ማንም ሳያስገድደው ያ ልጅ መወርወሪያና በክር የተሞላ ቀሰም ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠ። ድር በርዝመት የሚወጠረው፣ ማግ በወርድ የሚመላለሰው መሆኑን፣ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል እንደሚጠቀም ተናገረ። ሁለት ልጆች ከኋላ ሊስቁ ጀምረው የእኛን ፊት አይተው ተዉት። አንዲት ልጅ ጋቢ ስንት ድርብ እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ «አራት» አላት፣ የለበስነውንም ጋቢ ጠርዝ ገልጦ አሳያት። መዝገባችን ግን እስካሁን «ነጋዴ» እንደሚል ነው። እንዲታረም መጠየቅ የእርሱ ፈንታ ነው ብለን ትተነዋል።

የባለቤታችን እናት ከፍልሰታ በኋላ ወደ መንዝ ሲመለሱ እንዝርታቸውን ለልጅቱ ትተውላት ሄደዋል። የእርሷ ፈትል ገና አንድ ቦታ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ተበጥሶ ይወድቃል። አሁን ጨዋታው ወደ ጥጥ ዞሯል። ከእኛ ወደ ታች፣ በአዋሽ ሸለቆ በመልካ ወረርና በአሚባራ ጥጥ ለብዙ ዓመታት ሲመረት የኖረ በመሆኑ ጥጥ ለመንገዳችን እንግዳ አይደለም፤ ቀለም ሲያነኩት ግን ግትር ነው። የዕፅዋት አካል ስለ ሆነ አሉሙን እንደ በግ ጠጉር በቀላሉ አይቀበልም፤ አስቀድሞ ቆዳ አልፊዎች በሚያውቁት፣ በግራር ቅርፊት ውስጥ በሚገኘው አጥባቂ ነገር መነከር አለበት። ግራር ደግሞ በወለንጪቲ ሞልቷል። አባባም ልጃቸውን ከቅርፊት እሽግ ጋር ልከውልናል። እነሆ ቅርፊቱ በጓሮ በአሮጌ ጋን ተዘፍዝፎ አራተኛ ቀኑን ይዟል፤ ባለቤታችን ሽታውን አልወደደችውም፣ ከመስኮቱ አርቁልኝ ብላለች፤ ልጅቱና የሸማኔው ልጅም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋኑን ተሸክመው ወደ አጥሩ ሊያዛውሩት ተቃጥረዋል።